ከኮብልስቶኑ በፊት የውኃ መውረጃው ይቅደም

(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)





 ሰው ታሞባቸው ወይም ሥራ ይዟቸው ያልመጡ ጎረቤቶቻችን እንዲያነቡት ይህ ንግግር በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ይለጠፋል። ማንበብ ለማይችሉትም ያነበበ ይንገርልን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የውኃ መውረጃ ቦይ ነው። «ለአንድ ቦይ ይህን ያህል ሕዝብ ይሰበሰባል ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የቦዩን ነገር ስንመረምረው የቆሻሻውን፣ የመንገዱን፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቱን፣ በመጨረሻም የራሳችንን ነገር ሁሉ አብሮ የሚያወጣ ሆኖ ስላገኘነው በሰፊው ልናቀርበው ወደናል።

ሁላችሁም እንደምታስታውሱት ባለፈው ክረምት፣ በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ከቀኑ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የጀመረው ዝናብ እስከ ምሽት ድረስ አላባራም ነበር። ከላይ ሠፈር የወረደው ጎርፍ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ቦዩ በፌስታልና በሃይላንድ ጠርሙስ ተደፍኖ ስለ ነበር መንገዱን ለቆ ወደ ታች ሠፈር ቤቶች ገባ። በሰባት ቤቶች ውስጥ ፍራሽ፣ እህልና የልጆች ደብተር ተበላሸ። ከሁሉ የከፋው ግን ዳቦ ሊገዛ የተላከ የሰባት ዓመት ልጅ ክዳን በሌለው ቦይ ውስጥ ገብቶ ውኃው ይዞት ሊሄድ ሲል፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተጠልሎ የነበረ አንድ ተሸካሚ ወንድማችን በሹራቡ ይዞ ባወጣው ጊዜ የደረሰው ድንጋጤ ነው። ልጁ ዛሬ በደኅና አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ተሸካሚውም የዚህ ሠፈር ነዋሪ አይደለም፤ ዝናቡን ሽሽት የተጠለለ እንግዳ ነበር። እኛ የሠፈሩ ሰዎች ያላደረግነውን እርሱ አደረገልን።

በማግሥቱ ምን አደረግን? ሁላችንም አንድ ቃል ተናገርን። «መንግሥት የት አለ?» አልን። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የሚመለከተው ክፍል ሊመልሰው ይገባል። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ከላይ ሠፈር የሚጣለው ፌስታል አልቀነሰም። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፣ ዝናቡ ሲቆም ሳቁ ተመለሰና ቦዩ ተረሳ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ኮሚቴያችን ያደረገውን፣ ያጠፋውንም ጭምር ከመናገራችን በፊት፣ የአካባቢ አስተዳደር ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በአጭሩ እናስታውሳችሁ። ይህን የምናደርገው ታሪክ ለማስተማር አይደለም፤ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለብን ለማወቅ ነው።

በዕድሜ የገፋችሁት በዐይናችሁ ያያችሁት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ የከተማ ነዋሪዎች በየቀበሌያቸው በማኅበር እንዲደራጁ ተደረገ። ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የነበሩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ለቀበሌዎቹ ተጨማሪ ሥልጣን ሰጣቸው። የኅብረት ሱቁም፣ የሕፃናት መዋያውም፣ የፍርድ ሸንጎውም፣ የአብዮት ጥበቃውም ከዚያው ከቀበሌው ግቢ ሆነ።

የዚያን ጊዜውን ነገር ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም። በቀበሌ መዋጮና በነዋሪው ጉልበት የተቆፈረ ቦይ፣ የተሠራ ድልድይ፣ የተከፈተ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነበር። እኛም ዛሬ የምንነጋገርበት ቦይ መጀመሪያ የተቆፈረው በዚያ ዘመን በነዋሪው ጉልበት መሆኑን ሽማግሌዎቻችን ነግረውናል። ግን ደግሞ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ያው የቀበሌ ግቢ የስንቱ ልጅ እስር ቤት እንደ ነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልጇ ከዚያ በር ገብቶ ያልወጣላት እናት ዛሬም አለች። ስለዚህ «ቀበሌ ጠራኝ» ሲባል የሚደነግጥ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ይህን የምናነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ለሕዝብ ቅርብ የሆነ አስተዳደር ቅርብ በመሆኑ ብቻ ጥሩ አይሆንም፤ ሕዝቡ ሊጠይቀውና ሊቆጣጠረው ሲችል ነው ጥሩ የሚሆነው ለማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ለውጥ መጥቷል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወጣ። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በአዲስ ቻርተር ተደራጅቶ አሥር ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ። ቀበሌዎቹ ሲዋሐዱና ሲቀናነሱ ቆይተው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ወረዳ የሚል ስም ተሰጣቸው፤ ቁጥራቸውም 116 ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ተጨምሮ ክፍለ ከተሞቹ አሥራ አንድ ሆነዋል። ይኸው ሁሉ ተለውጦ እኛ ዛሬም «ቀበሌ ሄጄ መጣሁ» ነው የምንለው! ስሙ በአፋችን ቀርቷል፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን ከዱሮው ይልቅ ብዙ ሕዝብ የሚያገለግል ሆኗል። የዱሮው የቀበሌ ሊቀ መንበር እያንዳንዳችንን በስም ያውቅ ነበር፤ የዛሬው የወረዳ ሠራተኛ አያውቀንም። አለማወቁ ጥቅምም አለው፣ ጉዳትም አለው። ጥቅሙ፣ በዝምድናና በቂም ሳይሆን በደንብና በወረቀት መስተናገድ መቻላችን ነው። ጉዳቱ፣ የታች ሠፈርን ጎርፍ ካልነገርነው የማያውቀው መሆኑ ነው።

ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ኋላም የዜጎች ቻርተር የሚባሉ ማሻሻያዎች መጡ። በየጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ «ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ደቂቃ ይሰጣል» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። አንዳንዱ በእውነት ተሻሽሏል። የልደትና የጋብቻ ምዝገባን የመሳሰለው ጉዳይ ዱሮ ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ ጊዜ ያለቀላቸው ብዙ ጎረቤቶች አሉን፤ ይህን መካድ ነውር ነው። በሌላው ግን ሰሌዳው ግድግዳ ላይ፣ ጉዳዩ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ የቀረበት ጊዜ አለ። ሰሌዳውን ማንበብና «እዚህ የተጻፈው ይህ ነው፤ የእኔ ጉዳይ ለምን ዘገየ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ተደንግጓል። በአንቀጽ 43 በአካባቢያችን በሚሠራ የልማት ሥራ ላይ ሐሳባችን እንዲጠየቅ መብት አለን። በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። በደል ደርሶብኛል የሚል ሰው አቤት የሚልበት የእንባ ጠባቂ ተቋምም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል። ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ነገ ተነሥተን ክስ እንመሥርት ለማለት አይደለም። የምንጠይቀው ልመና ሳይሆን የሚገባን መሆኑን አውቀን፣ አንገታችንን ቀና አድርገን፣ ግን ሳንሳደብ እንድንጠይቅ ነው።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንምጣ። ከጎርፉ በኋላ ኮሚቴያችን ስለ ቦዩ አሥራ አንድ ጊዜ ወደ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ተመላልሷል። የአንዱን መሥሪያ ቤት ስም እዚህ ላይ አንጠራም፤ ሥራው እንዲሠራልን እንጂ ሰው እንዲከፋብን አንፈልግም። አንዱ ጋ ስንሄድ «ቦዩ የመንገድ ነው፤ መንገድን ጠይቁ» አሉን። መንገዱ ጋ ስንሄድ «የውስጥ ለውስጥ መንገድ ስለ ሆነ ወደ ታች ውረዱ» አሉን። ወደ ታች ስንወርድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሌላ ቀን ስንሄድ ኃላፊው ተቀይረዋል። አዲሱ ኃላፊ ደግሞ «ደብዳቤያችሁ የት አለ?» አሉ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነበር። የመጀመሪያውን ደብዳቤ በእጅ ሰጥተን «እሺ፣ እናየዋለን» ተብለን ደስ ብሎን ተመለስን እንጂ መዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ቁጥር እንዲሰጠው አላደረግንም፤ ቅጂም አላስቀረንም። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ሦስት ወር የጠፋብን በዚህ ነው። ሁለተኛውን ደብዳቤ ስንጽፍ ግን መዝገብ ቤት አስገብተን፣ ቁጥርና ቀን አስጽፈን፣ በቅጂው ላይ ማኅተም አስደርገን አስቀረን። ከዚያም አንድ ደብተር ገዝተን የሄድንበትን ቀን፣ የጠየቅነውን፣ የተሰጠንን መልስና የተቀጠርንበትን ቀን መጻፍ ጀመርን። ደብተሩ ተአምር አልሠራም። ግን በሰባተኛው ጊዜ ስንሄድ ደብተሩን ከፍተን «በዚህ ቀን እንዲህ ተብለን ነበር» ስንል የነገሩ አያያዝ ሲለወጥ በዐይናችን አይተናል። እናንተም ለራሳችሁ ጉዳይ ስትሄዱ ይህን ልማድ ያዙ። ቁጥር፣ ቀን፣ ቅጂ፤ ሦስቱን አትርሱ።

በመጨረሻ ያገኘነው መልስ ይህ ነው። የወረዳው ባለሙያዎች መጥተው ቦታውን አይተዋል። ነዋሪው ቁፋሮውንና አሸዋውን ከቻለ፣ ቱቦና የቦይ ክዳን፣ እንዲሁም የሚከታተል ባለሙያ ሊሰጡን ተስማምተዋል። ስምምነቱም በጽሑፍ ነው፤ ቅጂው በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል። ከሠፈራችን ልጆች አንዱ መሐንዲስ ሥፍራውን ያለ ክፍያ ለክቶልናል፤ የሚቆፈረው 85 ሜትር ነው። ቀኑ ግን አጭር ነው። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ችግሩ እኛው ውስጥ ነው።

እንደምታውቁት ማኅበራችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለኮብልስቶን ገንዘብ ሲያሰባስብ ቆይቷል። ከ143 አባወራዎችና እማወራዎች ውስጥ 96ቱ እያንዳንዳቸው 1,500 ብር ከፍለው፣ በጠቅላላው 144,000 ብር በባንክ በማኅበሩ ስም ተቀምጧል። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ ነው። ኮብልስቶን መልካም ነገር ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት በከተማችን ብዙ የውስጥ መንገዶች በነዋሪው መዋጮና በመንግሥት ድጋፍ ተነጥፈው፣ ጭቃና አቧራ ቀርቶላቸዋል፤ ስንት ወጣትም ድንጋይ ጠርቦና አንጥፎ ዳቦ በልቶበታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ዋና ዋና መንገዶችን ሲለውጥ ያየ ሰው «የእኛስ መንገድ መቼ ነው?» ቢል አይገርምም።

ነገር ግን መሐንዲሱ ልጃችን ልብ ያላልነውን አንድ ነገር አሳየን። የላዩ ሠፈር መንገድ ዛሬ አፈር ስለ ሆነ ከዝናቡ ጥቂቱን ይመጠዋል። ድንጋይ ከተነጠፈ ግን አብዛኛው ውኃ ሳይሰርግ ፈጥኖ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ቦዩ ሳይሠራ መንገዱ ቢነጠፍ፣ ላይ ሠፈር ጫማው ሲነጻ ታች ሠፈር አልጋው ይረጥባል ማለት ነው። ሌላም አለ። ዛሬ ያነጠፍነውን ድንጋይ ነገ ለቱቦ ሲባል ልናነሣው ነው። ይህን ዓይነት ሥራ በከተማችን ስንት ጊዜ አየን? አስፋልቱ ይፈስና በሳምንቱ ለውኃ መስመር ይቆፈራል፤ እርሱ ሲደፈን ለስልክ ይቆፈራል። ሌላውን ስንወቅስበት የኖርነውን ነገር በራሳችን ገንዘብ በራሳችን በር ላይ ልንሠራው ነው ወይ? ከመሬት በታች ያለው ሥራ ከመሬት በላይ ካለው መቅደም አለበት።

እውነቱን እንናገር። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አምስታችን የምንኖረው ላይ ሠፈር ነው። ጎርፉ ቤታችን አልገባም። ኮብልስቶኑን ያስቀደምነው ከክፋት ሳይሆን የሚያሳስበን ጭቃው ስለ ነበረ ነው። ግን ከእኛ በር የተጠረገው ቆሻሻ ነው የታች ሠፈርን ቦይ የደፈነው። የላይኛው ጎረቤት «የእኔ ቤት ደኅና ነው» ካለ፣ ማኅበር ምን ያደርጋል?

በዚህ ነገር የሌላ አገር ሰዎች ያደረጉትን ማወቅም አይከፋም። በብራዚል አገር ፖርቶ አሌግሬ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች በየሠፈራቸው እየተሰበሰቡ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ለሥራ ከሚመድበው ገንዘብ ለሠፈራቸው የትኛው ሥራ መቅደም እንዳለበት ራሳቸው እንዲወስኑ ተደረገ። ድኾቹ ሠፈሮች ደጋግመው የመረጡት ውኃ፣ ፍሳሽና መንገድ ነበር። ውኃና ፍሳሽ የገባላቸው ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1988 ከመቶ 75 የነበሩት በ1997 ከመቶ 98 ደረሱ። ልብ በሉ፤ እዚያም ገንዘቡ ለሁሉም ነገር አይበቃም ነበር። ስለዚህ ተከራክረው ቅደም ተከተል አወጡ፤ ማዘጋጃ ቤቱም የተሠራውንና ያልተሠራውን በየዓመቱ መጥቶ ይነግራቸው ነበር። የእኛ አቅም ትንሽ ነው፤ ግን ቅደም ተከተል ለማውጣት ሀብታም መሆን አያስፈልግም።

ስለ ቆሻሻውም ጥቂት እንበል። ቦዩ ቢሠራና ቢከደን እንኳ ፌስታል መጣላችንን ካልተውን በሁለት ክረምት ተመልሶ ይደፈናል። ከቤታችን የወጣ ቆሻሻ ጠፍቶ አይቀርም፤ አንድ ቦታ ይሄዳል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል። እነዚያ ሰዎች የሞቱት እኛ ሁላችን በጣልነው ቆሻሻ ሥር ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ መውጣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት ይዞ ገበያ መሄድ ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አልነበረም። እኛ ነን የረሳነው።

ቆሻሻ የሚሰበስቡልን የጥቃቅን ማኅበር ልጆችም «በቀኑ አናገኛችሁም፤ ማዳበሪያውን ማታ ማታ ቦዩ አፋፍ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ውሻ ይበትነዋል» ብለው ወቅሰውናል። ወቀሳው ልክ ነው። በሌላ በኩል እነርሱም ቀጠሯቸውን የሚያጓድሉበት ሳምንት አለ። ስለዚህ ከተወካያቸው ጋር ተቀምጠን ቀኑ ማክሰኞና ቅዳሜ ጧት እንዲሆን ተነጋግረናል። የሚቀሩ ከሆነ ቀድመው ሊያስታውቁን፣ እኛም ከዚያ ቀን በቀር ከበር ውጭ ላናወጣ ነው።

አሁን ደግሞ ለመናገር የሚከብደንን እንናገራለን።

ባለፈው ጥር ወር ኮሚቴያችን ያልከፈሉትን የ47 ቤቶች ስም ዝርዝር በዚሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ነበር። ሐሳባችን ሰው አፍሮ ይከፍላል የሚል ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ የከፈለ አንድም ሰው የለም። ይልቁንም ስማቸው ከተለጠፈ ወዲህ አንዲት እናታችን ከቤት መውጣት ተዉ። ወደ ዕድር አይመጡም፤ ልቅሶ ቤትም አልታዩም። እኚህ እናት በ1970ዎቹ ዓመታት ቦዩ ሲቆፈር ለሠራተኛው ቆሎና ጠላ ያቀርቡ ከነበሩት አንዷ መሆናቸውን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ደንግጠን ዝርዝሩን አወረድንና በየቤቱ እየዞርን፣ ገንዘብ ሳንጠይቅ፣ ነገሩን ለመረዳት ሞከርን። ቀድሞ መደረግ የነበረበት ይህ ነበር።

ያገኘነውም እንዲህ ነው። ከ47ቱ ውስጥ 19ኙ በጡረታ ወይም በልጆች እርዳታ የሚኖሩ፣ 1,500 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት የማይችሉ ናቸው። 11ዱ ተከራዮች ናቸው፤ መክፈል ያለበት አከራዩ ሆኖ ሳለ ስም የለጠፍነው የተከራዩን ነው። 9ኙ «ባለፈው ጊዜ ለመብራት አዋጥተን ምን እንደ ተሠራበት አልተነገረንም፤ ሪፖርት ካላየን አንከፍልም» አሉን። 5ቱ ቤታቸውን ዘግተው ሌላ ቦታ ያሉ ናቸው። ቸልተኛ ሆነው ያገኘናቸው ሦስት ቤቶች ብቻ ናቸው። በሦስት ቤት ምክንያት የአርባ አራት ቤት ስም አዋረድን ማለት ነው።

ለዚህ ጥፋት በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን። እኚያን እናታችንንም ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። «የተዋጣው ለቦዩ ከሆነ እኔም አለሁበት» ነው ያሉን። ሪፖርት የጠየቁት ዘጠኙም ልክ ናቸው። የመብራቱ መዋጮ ሒሳብ ከነደረሰኙ ተሠርቶ ከዛሬ ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ይገኛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግልጽ ይሁን እያልን ስንጮህ የራሳችንን ሒሳብ ደብቀን ከተቀመጥን በምን አፋችን እንናገራለን? የአስተዳደር ማሻሻያ የሚባለው ነገር ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ለካ ከእኛም ሰሌዳ ይጀምራል!

ስለዚህ ኮሚቴው ለጉባኤው ውሳኔ የሚከተሉትን ሐሳቦች ያቀርባል።

1ኛ. የውኃ መውረጃ ቦዩ ሥራ ከኮብልስቶኑ እንዲቀድም። ከ144,000 ብሩ ውስጥ ለአሸዋ፣ ለሲሚንቶና ለቁፋሮ ባለሙያ የሚያስፈልገው ብቻ ወጪ ሆኖ፣ ቀሪው ለኮብልስቶኑ ሳይነካ እንዲቀመጥ። በዚህ የማይስማማ ከፋይ ቢኖር ገንዘቡን የመጠየቅ መብቱ የተጠበቀ ይሆናል።

2ኛ. ቁፋሮው በጉልበት የሚሠራው ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ በአራት ቅዳሜዎች እንዲሆን። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ይልካል። አቅመ ደካሞች፣ ሕመምተኞችና አራስ ያለበት ቤት ከዚህ ነፃ ናቸው። በጉልበት የሠራ፣ መክፈል ካልቻለ፣ እንደ ከፈለ ይቆጠርለታል።

3ኛ. መዋጮው መክፈል ለሚከብዳቸው በየወሩ በትንሽ በትንሹ እንዲከፈል፤ ጨርሶ ለማይችሉት እንዲቀር። የማንም ስም ከእንግዲህ በሰሌዳ ላይ እንዳይለጠፍ። የሚለጠፈው የገቢና የወጪ ሒሳብ ብቻ ይሁን፤ እርሱም በየወሩ።

4ኛ. በኮሚቴው ውስጥ ታች ሠፈር ቢያንስ ሦስት ሰው እንዲኖረው፣ ከእነርሱም አንዷ ሴት እንድትሆን። ከላይ ሠፈር አባላት አንዳችን ቦታችንን ለመልቀቅ ፈቃደኛ ሆነናል።

5ኛ. ከወረዳው ጋር የሚደረገው ግንኙነት ሁሉ በደብተሩ እየተጻፈ፣ ደብተሩ በዕድሩ ጸሐፊ ቤት እንዲቀመጥና ማንም ነዋሪ በፈለገ ጊዜ እንዲያየው።

6ኛ. ቱቦውና ክዳኑ በተባለው ጊዜ ካልመጣ፣ ኮሚቴው በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲጠይቅ፤ መልስ ከጠፋም ወደ ክፍለ ከተማውና ከዚያ በላይ አቤት እንዲል።

ወንድሞችና እኅቶች፤

በእነዚህ ሐሳቦች ላይ ተቃውሞ ሊኖር እንደሚችል እናውቃለን። በተለይ ላይ ሠፈር ያላችሁ «ሁለት ዓመት ጠብቀን፣ ከፍለን፣ አሁንም ጭቃ ልንረግጥ ነው ወይ?» ብትሉ ቅሬታችሁ ተገቢ ነው። ጭቃውን የምትረግጡት አንድ ክረምት ነው ብለን ቃል ልንገባላችሁ አንችልም፤ ልንዋሽ አልመጣንም። ልንል የምንችለው፣ ቦዩ ከተሠራ በኋላ የሚነጠፈው ድንጋይ ተመልሶ እንዳይነሣ የተቻለንን እናደርጋለን ነው። ታች ሠፈር ያላችሁም «ዱሮውንስ ማን አሰበልን!» ከማለት ይልቅ በመጀመሪያው ቅዳሜ አካፋችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ እኛም ከእናንተ ጎን እንገኛለን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። 85 ሜትር ለ143 ቤት ቢካፈል ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ሜትር እንኳ አይደርስም። በአንድ ሜትር መሬት ነው የምንጨቃጨቀው፤ ባለፈው ሐምሌ ግን ያችው ቦይ ልጅ ልትወስድብን ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጧት በአንድ ሰዓት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እንገናኝ። አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ፣ ባሬላ ያለው ባሬላ ይዞ ይምጣ። የሌለውም ባዶ እጁን ይምጣ። ዕድሩ ድስትና ብርጭቆውን ሊያውሰን ፈቅዷል፤ ቡናውንም እዚያው እናፈላለን።

አሁን መድረኩን ለእናንተ እንለቃለን። በነፃነት ተናገሩ፤ ውቀሱን፤ አርሙን። ከዚያ በኋላ እጅ አውጥተን እንወስናለን።

 ክረምቱን በሰላም ያግባልን፤ በሰላምም ያውጣልን።

የነዋሪዎች ማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ